«እኔ አስተላላፊ ብቻ ነኝ» ላለችው የደብረ ብርሃን ነጋዴ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ሳጣ በቴሌግራም ዕቃ መሸጥ ጀመርኩ። ዕቃው የኔ አይደለም። መርካቶ ያለ፣ አስመጪ ነኝ የሚል ሰው ፎቶና ዋጋ ይልክልኛል፤ እኔ ትንሽ ትርፍ ጨምሬ ቻናሌ ላይ እለጥፋለሁ። ብሩን በወንድሜ ቴሌብር እቀበላለሁ፣ የሰውየውን ድርሻ እልክለታለሁ፣ ዕቃው በሚኒባስ ይመጣል።

ከወር በፊት ሸዋ ሮቢት ላለ አንድ መምህር የናይኪ ጫማ በ6,800 ብር ሸጥኩ። ፖስቱ ላይ «100% ኦርጅናል» ይላል፤ ሰውየው የላከልኝን ጽሑፍ ነው የገለበጥኩት። እውነቱን ለመናገር ዋጋው ትንሽ አሳስቦኝ ነበር፣ ግን አልጠየቅሁም። መምህሩ በዘጠነኛው ቀን ሶሉ ተላቀቀ ብሎ ፎቶ ላከ። አዲስ አበባ ለሚያውቅ ሰው አሳይቶት ፎርጅድ ነው ተብሏል። ደነገጥኩና ብሎክ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ያንኑ ጫማ ለሌሎች ሁለት ሰዎች ሸጫለሁ። አሁን መምህሩ በሌላ ቁጥር ደውሎ ገንዘቡንና 30,000 ብር የሞራል ካሳ ካልከፈልኩ ፖሊስ ጋ እንደሚሄድ ነግሮኛል። የአጎቴ ልጅ ትልቅ ቻናል ስላለው በክፍያ ፖስት ያደርግልኝ ነበር፤ እሱም ፈርቷል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚያው ሰው የመጣ የፊት ክሬም 20 ፍሬ አለኝ። እኔ አስተላላፊ ብቻ ነኝ። ሕጉ ምን ይለኛል? ቴሌግራምስ ራሱ አይጠየቅም ወይ?»

እታለም፣ ከጫማው በፊት ስለ ክሬሙ እንነጋገር። ከሁሉ የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

ክሬሙን ዛሬውኑ ከሽያጭ አውጪው። ፎርጅድ ጫማ ሶሉ ይላቀቃል፤ ሰው ይናደዳል፣ ብር ይጠፋል። ፎርጅድ ክሬም ግን ፊት ላይ ነው የሚቀባው። ምን እንደተደባለቀበት አንቺ አታውቂም፤ የመርካቶው ሰውዬም የሚያውቅ አይመስለኝም። ቆዳ ያፈካሉ ተብለው በሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ በየአገሩ በምርመራ ሲገኙ የኖሩት ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖንና ያለ ሐኪም ትእዛዝ መነካት የሌለባቸው ጠንካራ ስቴሮይዶች ናቸው። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይዱ ደግሞ መጀመሪያ ፊትን ያሳምርና ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳዋል።

ሕጉም ኮስሞቲክስን እንደ ጫማ አያየውም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይገዛዋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። እዚያ በኩል ነገሩ ከመጣ ጥያቄው «ሶሉ ለምን ተላቀቀ» አይሆንም፤ የሰው ጤና ነው። ስለዚህ ሃያውን ፍሬ ከነካርቶኑ አንድ ቦታ አስቀምጪ። አትጣይው፣ አትመልሺለት፣ ለእህትም ለጎረቤትም በስጦታ አትስጪ። (የማይሸጥ ክሬም ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በዘመድ ፊት ላይ ነው።) ከዚህ በፊት የሸጥሽለት ሰው ካለ ደውለሽ መቀባቱን እንዲያቆም ንገሪው። ዕቃውን ለጤና ተቆጣጣሪዎች የምታስረክቢበትን መንገድ ደግሞ መጀመሪያ የሕግ ሰው አማክሪበት። ብዙዎቹ የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሄደሽ ጠይቂ። ጠበቃ መግዣ የለኝም ብለሽ ቤት አትቀመጪ።

አሁን ወደ ጫማው።

«እኔ አስተላላፊ ብቻ ነኝ» ትያለሽ። እንዳንቺ የሚሉ በጣም ብዙ ናቸው፤ አባባሉ ለጆሮ ደህና ነው፣ ፍርድ ቤት ግን ሩቅ አያስኬድም። ነገሩን ከመምህሩ በኩል እዪው። ፖስቱን ያየው ባንቺ ቻናል ላይ ነው። ዋጋ የተከራከረው ካንቺ ጋር ነው። ብሩን የላከው አንቺ በሰጠሽው ቁጥር ነው። የመርካቶውን ሰው ስሙንም መልኩንም አያውቅም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2197 መሠረት ለሌላ ሰው ጥቅም ቢሆንም በራሱ ስም ውል የሚዋዋል ሰው፣ በዚያ ውል የሚመጣው መብትም ግዴታም በራሱ ላይ ነው የሚወድቀው። በኮሚሽን መሥራትሽ አንቺና የመርካቶው ሰው የምትተሳሰቡበት ነገር ነው። ለመምህሩ ሻጩ አንቺ ነሽ።

እስቲ ነገሩን ወደ ቤትሽ ላምጣው። አንድ ሰው በቻናሉ «የመንዝ ባና፣ ከበግ ፀጉር በእጅ የተሠራ» ብሎ ለእናትሽ ቢሸጥላት፣ ሲመጣ ደግሞ የፋብሪካ ፖሊስተር ቢሆን፣ ስትደውሉለት «እኔ ከሌላ ተቀብዬ ነው» ቢላችሁ ትሰሙታላችሁ? የደብረ ብርሃን ብርድ በይቅርታ አይመለስም።

ሻጭ ከሆንሽ ዘንድ ቀጥሎ ያለው ቀላል ነው። ሻጭ የሸጠው ዕቃ ውሉ ላይ የተባለውን ጠባይ እንዲይዝ ዋስ ነው። «100% ኦርጅናል» ብለሽ ጽፈሻል፤ ያ ጽሑፍ የውሉ አካል ነው። ጽሑፉን ከሌላ መገልበጥሽ አይለውጠውም። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ጉድለት ያለበት ዕቃ ከገዛ፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። መምህሩ በዘጠነኛው ቀን ነው የነገረሽ። በጊዜው ነው። አንቺ ብሎክ ስላደረግሽው ጊዜው አያልፍበትም፤ እንዲያውም ብሎኩ ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል።

ቻናልሽ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ነገር ለጥፈሽ ከሆነ እሱንም እርሺው። ሱቅ ሁሉ የሚሰቅለው ያ ወረቀት ልኩ አልሆነኝም ብሎ ለሚመጣ ሰው ይሠራ ይሆናል። ፎርጅዱን ኦርጅናል ብሎ ለሸጠ ሰው ከለላ አይሆንም።

ሌላም አለ። ደረሰኝ ሰጥተሽዋል? የንግድ ፈቃድስ አለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ አልነገርሽኝም፤ ዝምታሽን ግን ሰምቼዋለሁ። ለሸማች ደረሰኝ መስጠት በዚያው በ813/2006 የነጋዴ ግዴታ ነው። ያለ ፈቃድ መነገድ ደግሞ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ከፎርጅዱ ጋር አይገናኝም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ለገዢው እንዲያሳውቅ ይፈልጋል። ይኸው አዋጅ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ በማስረጃነት ዋጋ እንዳያጣ ያደርጋል። «ስክሪንሾት ማስረጃ አይሆንም» የሚሉሽን ጓደኞችሽን አትስሚ።

እስካሁን ያወራነው የገንዘብ ነገር ነው። ያንቺ ፍርሃት ግን እስር ነው፤ በግልጽ ላስቀምጥልሽ።

ከኋላሽ ሊመጡ የሚችሉ ሁለት ከሳሾች አሉ። አንዱ የተታለለው ገዢ ነው። ሌላው ስሙ የተሰረቀው የምልክቱ ባለቤት ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 በአገራችን የተመዘገበን ምልክት ይጠብቃል። ባለቤቱ በፍትሐ ብሔር ሽያጩ እንዲቆምና ካሳ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል። በወንጀል ደግሞ ይህን መብት ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በከፍተኛ ቸልተኝነት ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ዕቃው ይወረሳል፣ ይወገዳል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 720 የሌላውን ምልክት አስመስሎ የሠራውን ብቻ ሳይሆን፣ እያወቀ ለገበያ ያቀረበውንና የሸጠውንም ይጨምራል። በኔ አስተያየት ኮንቴይነር ሙሉ ፎርጅድ የሚያስገባንና ቻናል ላይ ሦስት ጫማ የሸጠችን ልጅ በአንድ የቅጣት መነሻ ማስቀመጥ ፍትሐዊ አይደለም። ግን የተጻፈው እንዲህ ነው።

ምልክቱ እዚህ አገር ተመዝግቦ ባይሆን እንኳ ገዢው እጁን አያጣም። የሱ አቤቱታ በምልክቱ ላይ አይደለም፤ መታለሉ ላይ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስለ ማታለል ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10 ደግሞ አሳሳች መረጃ በኮምፒዩተር በማሰራጨት ሰውን አታሎ መብቱን የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ የሚያደርግን ሰው እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ስልክሽም በዚህ ዓይን ኮምፒዩተር ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚንጠለጠሉት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ አውቀሽ ነበር ወይ?

እዚህ ጋ ነው ደብዳቤሽ ያስፈራኝ። «ዋጋው ትንሽ አሳስቦኝ ነበር፣ ግን አልጠየቅሁም» ብለሻል። ለኔ በቅንነት የጻፍሽው ነው። ዐቃቤ ሕግ ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ቢያገኝ ሌላ አያስፈልገውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 58 ሆን ብሎ ማድረግን ሲተረጉም፣ ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እየጠረጠረ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የገፋበትንም ሰው ይጨምራል። ዐይን ጨፍኖ መሸጥ አለማወቅ አይደለም። ቢበዛ ቢበዛ ቸልተኝነት ነው ብለሽ ትከራከሪያለሽ፤ እሱም ቢሆን ከላይ እንዳየሽው ቅጣት አለው።

ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ጫማ በተመለከተ የምትከራከሪበት ነገር አለሽ። ሰውየው ኦርጅናል ነው ብሎሻል፣ አንቺም አምነሽ ይሆናል። ከመምህሩ ፎቶ በኋላ የሸጥሻቸውን ሁለቱን ግን እንዴት አድርገሽ ትከላከያለሽ? ፎቶው በስልክሽ ላይ አለ። ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ያየሽው መሆኑንም ሁለቱ የቴሌግራም ምልክቶች ይናገራሉ። ከዚያ ቀን በኋላ «አላውቅም ነበር» የሚለው ቃል ካንቺ ጋር አይሄድም።

ቴሌግራም አይጠየቅም ወይ ላልሽውም መልሱ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የትልልቆቹን የመገበያያ መድረኮች ኃላፊነት በሚመለከት የውጭ ፍርድ ቤቶች ብዙ ተጨቃጭቀውበታል። ቲፋኒ የተባለው የአሜሪካ የጌጣጌጥ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቤይን ከሰሰ፤ በስሜ ፎርጅድ ሲሸጥ ዝም አልክ ብሎ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2010 ለኢቤይ ፈረደ። ምክንያቱ ምን መሰለሽ? በመድረኩ ላይ ፎርጅድ እንዳለ በጥቅሉ ማወቅ አይበቃም፤ የትኛው ሽያጭ ፎርጅድ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት አለ። ኢቤይ ደግሞ ይህ ሽያጭ ፎርጅድ ነው ተብሎ ሲነገረው ያነሳ ነበር። ያዳነው ይህ ነው። ብሎክ አድርጎ ቢሸጥ ኖሮ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር።

አውሮፓ ጠበቅ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በመዋቢያ አምራቹ በሎሬያልና በኢቤይ ጉዳይ፣ መድረኩ ዕቃውን በማስተዋወቅ ወይም ማስታወቂያውን በማሳመር ራሱ ከገባበት ከለላው እንደሚነሳ ወሰነ። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ በሉቡታን ጫማና በአማዞን ጉዳይ፣ ገዢው ማስታወቂያውን ሲያይ የሚሸጠው ራሱ መድረኩ ነው ብሎ የሚያስብ ከሆነ መድረኩ የምልክቱ ተጠቃሚ ሊባል እንደሚችል ተናገረ። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕጓ፣ ጥሰቱን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው እርምጃ ያልወሰደ መድረክ ከሻጩ ጋር በአንድነት እንዲጠየቅ አድርጋለች።

እነዚህ ፍርዶች የኛን ዳኞች አያስገድዱም። የኛው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ አንቀጽ 16ም አገልግሎት ሰጪዎችን የሚጠይቅበት መንገድ አለው፤ ግን የተጻፈው ስለ ሌላ ዓይነት ሕገ ወጥ ይዘት ነው፣ ስለ ፎርጅድ ጫማ አይደለም። አስተሳሰቡ ግን ያው ነው፤ በቀጥታ የተሳተፈ፣ ወይም አውቆ ያላነሳ ይጠየቃል ይላል። ስለዚህ ቴሌግራምን ለመክሰስ አቅሙም ጊዜውም ቢኖርሽ እንኳ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «አንቺስ ለቴሌግራም ነግረሻል?» ብለው ነው። የለጠፍሽው ራስሽ ነሽ፣ እታለም።

የአጎትሽ ልጅ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እሱ ቴሌግራም አይደለም። ሰው ነው፤ ገንዘብ ተቀብሎ ለተከታዮቹ ዕቃ አስተዋውቋል። ፖስቱ ላይ ምን ብሎ ነበር የጻፈው? «ማስታወቂያ» ብሎ ያንቺን ስልክ ብቻ አስቀምጦ ከሆነ አንድ ነገር ነው። «አይተን ያረጋገጥነው፣ እኛው የምንተማመንበት» ብሎ ከሆነ ግን ራሱን ጎትቶ አስገብቷል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። እሱም ፖስቱን ዛሬ ያንሳ፣ ስክሪንሾቱን ግን ያስቀምጥ።

ወንድምሽ ደግሞ ምናልባት ምንም ሳያውቅ ከሁላችሁም ቀድሞ ስሙ የሚነሳው ነው። መምህሩ ፖሊስ ጋ ቢሄድ በእጁ ያለው ወረቀት ቴሌብር ላይ የወጣው ስም ነው። ያንቺ ስም አይደለም። መስመሩን ላውስሽ ማለት ብቻውን ወንጀለኛ አያደርገውም፤ ተባባሪ ለመባል ማወቅ ያስፈልጋል። ግን ጣቢያ ተጠርቶ ቃል ለመስጠት ማወቅ አያስፈልግም። ከመጠራቱ በፊት ካንቺ አፍ ይስማው።

አሁን ወደ መርካቶው ሰውዬ። ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፤ እስማማለሁ። አንቺ ለመምህሩ የከፈልሽውን ከሱ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ላንቺም እሱ ሻጭሽ ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ በግል የተጻፈን መልእክት አንደኛው ወገን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ የድሮውንም ጭምር። ሰውየው ነገር መምጣቱን በሸተተው ሰዓት ያን ሁሉ ወሬ ጠራርጎ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ለሱ አንድም ቃል ከመጻፍሽ በፊት ንግግራችሁን በሙሉ ስክሪንሾት አድርጊ። ኮምፒዩተር ካገኘሽ በዴስክቶፕ ቴሌግራም ኤክስፖርት አድርገሽ አስቀምጪ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን፣ ብር የላክሽባቸውን ማረጋገጫዎች፣ ዕቃው የመጣበትን ካርቶን ሁሉ ያዢ።

ስክሪንሾት ስታደርጊ ግን ረጋ ብለሽ አንብቢው። «ማስተር ኮፒ» ወይም «ኤ ግሬድ» የሚል ቃል፣ ማለትም ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ፎርጅድ ነው የሚል፣ ጽፎልሽ ያውቃል? መርካቶ አካባቢ ዕቃ የሚያከፋፍሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ለቸርቻሪው እውነቱን ይናገራሉ፤ የሚዋሸው ለመጨረሻው ገዢ ነው። እንዲህ ጽፎልሽ አንቺ «ኦርጅናል» ብለሽ ለጥፈሽ ከሆነ፣ ያ ንግግር የሚከሰው አንቺን ነው። ያኔም ቢሆን እንዳታጠፊው። ማስረጃ ማጥፋት ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ደግሞም እሱ ዘንድ ቅጂው አለ። ቃል ከመስጠትሽ በፊት ለጠበቃው አሳይው።

ማስረጃውን ከያዝሽ በኋላ ለሰውየው በጽሑፍ ጠይቂው፤ ደረሰኝና ዕቃው የገባበትን ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነዱን) ላክልኝ በይው። እውነተኛ አስመጪ ይህን አያጣም። ካላመጣ ወይም ዝም ካለሽ ዝምታውንም ስክሪንሾት አድርጊ።

30,000 ብሩን ልተወው አልኩ እንጂ አልረሳሁትም። መምህሩ መናደዱ ልክ ነው፤ ሂሳቡ ግን ልክ አይደለም። «የሞራል ካሳ» የሚባለው ነገር በሰፈር ወሬ ውስጥ በጣም ትልቅ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2116 ግን የሞራል ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር መብለጥ አይችልም። 1952 ላይ 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የጫማውን ሳጥን አይገዛም፤ ግን አልተሻሻለም። ስለዚህ በፍርድ ቤት በኩል ቢመጣ ሊያገኝ የሚችለው የጫማውን ዋጋ፣ ያወጣውን ወጪ በማስረጃ፣ ቢበዛም ያችን ትንሽ የሞራል ካሳ ነው። ይህን ይዘሽ ግን «ሕጉ 1,000 ብር ነው የሚልህ፣ ሂድና ክሰሰኝ» ብለሽ እንዳትፎክሪበት። ፉከራሽ ሌላ ስክሪንሾት ይሆናል። ደግሞም የሱ ጥሩ እጅ የፍትሐ ብሔሩ ክስ አይደለም፤ ፖሊስ ጣቢያው ነው።

በሽማግሌ መጨረስ ይቻላል ወይ ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ። በኛ አገር ሰው ከጣቢያ በፊት ሽማግሌ ይልካል፤ ጥሩ ነው፣ ላኪ። ሸዋ ሮቢት የምታውቁት ሰው ካለ ይሂድ። ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። የተስማማችሁት በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት እንደተመለሰ፣ ጫማው እንደተመለሰ፣ የሁለታችሁም ፊርማ ይኑርበት። ሁለተኛው፣ የወንጀል ጉዳይ ከተነሳ በሁለታችሁ ስምምነት ብቻ ላይዘጋ ይችላል። ያም ሆኖ ከልብ ተጸጽቶ ጉዳቱን የካሰ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ይፈቅዳል። ዳኛ ፊት ከቀረብሽ ክሱ ከመምጣቱ በፊት የመለስሽው ብር ከመጣ በኋላ ከመለስሽው ይበልጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ እንዲህ ይሁን። የጫማውንም የክሬሙንም ፖስቶች መጀመሪያ ስክሪንሾት አድርገሽ ከዚያ አንሺ። የመርካቶውን ሰው ንግግር አስቀምጪ። ወንድምሽን አስቀምጠሽ ንገሪው። ወደ ነፃ የሕግ ድጋፉ ሂጂ፤ ይህን ደብዳቤሽንና መልሴን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ። ከዚያ መምህሩን ከብሎክ አውጪውና ጻፊለት። እንዲህ ብትዪው ይበቃል፦

«መምህር፣ ብሎክ በማድረጌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ጫማው ያቀረቡትን ቅሬታ ተቀብያለሁ። የከፈሉትን 6,800 ብርና የመላኪያውን ወጪ በላኩበት መስመር ልመልስልዎ ዝግጁ ነኝ። ጫማውን በእኔ ወጪ በመኪና ይላኩልኝ። ሌላ ያወጡት ወጪ ካለ ማስረጃውን ይላኩልኝና እንነጋገር።»

«አውቅ ነበር» ብለሽ አትጻፊ፤ «በፍጹም አላውቅም ነበር» ብለሽም አትዋሺ። ስለ 30,000 ብሩ በጽሑፍ አትከራከሪ፤ ይደውል፣ ወይም ሽማግሌው ያውራው። የሚመለሰውን ጫማ ደግሞ አስጠግነሽ እንዳትሸጪው። አደራ።

ለሌሎቹ ሁለት ገዢዎችም ዋጋውን ቀይረሽ ተመሳሳዩን ላኪ። ሶሉ እስኪላቀቅ አትጠብቂ። ተመላሹ ሁሉ ብሩ በገባበት በወንድምሽ ቴሌብር ይውጣ፤ የገባውና የወጣው እንዲመሳከር ነው። ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ «የጫማ ተመላሽ» ብለሽ ጻፊ፤ ማረጋገጫዎቹንም አስቀምጪ። ከዚያ በኋላ ያን መስመር ለንግድ አትንኪው።